በረዶ የመታው ገበሬ የት ይመዝገብ?

ድርቅ ሲገባ አገር ይሰማል። ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ ዜና ይሆናል። በረዶ ግን አንድ ጎጥ ላይ ይወርድና የስንቱን አባወራ ገብስ ከአፈር ደባልቆ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ይሄዳል። ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች። በማግስቱ በአስፋልቱ በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው በመስኮት እያየ «ዘንድሮስ አገሩ ለምልሟል» ይላል። እውነቱን ነው፤ መንገድ ዳሩ አልተነካም።

ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። የመንዝ ልጅ ነኝ። ዘመዶቼ ዛሬም በልግ ይዘራሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወደ አገር ቤት ስደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የምጠይቀው ሰማዩን ነው። ዝናብ ጣለ ወይ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ዝናብ ጣለ ብዬ ነው የምጠይቀው። የበልግ ዝናብ ቢቀር ያስፈራል፣ ቢመጣም አመጣጡ ያስፈራል።

ከተማ ላደጋችሁ በአጭሩ ላስረዳ። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ነው። አብዛኛው ገበሬ ዋናውን እህል የሚያገኘው ከክረምቱ ዝናብ፣ ማለትም ከመኸር ነው። በአገር ደረጃ ሲታይ የበልግ እህል ከጠቅላላው ምርት ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው የማያስበው። ግን ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ፣ ደቡብ ወሎ ደላንታና ወረኢሉ፣ ሰሜን ወሎ መቄትና ዋድላ ሂዱ። እዚያ ለብዙ ቤት በልግ ማለት የዓመቱ እንጀራ ነው። ክረምት ላይ ጥቁሩ መሬት ውሃ ይተኛበታል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ውርጭ አለ። ስለዚህ ጥር መጨረሻ ወይ የካቲት ላይ ገብሱ ይዘራል፣ ሰኔ ወይ ሐምሌ ላይ ይታጨዳል። መሐሉ ላይ፣ ገብሱ ሲያሽት፣ ሰማዩ ደግሞ በጣም ሲከፋ፣ ሁለቱ ይገናኛሉ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለእኔ ጠቅሞኛልና ትንሽ ልቆይበት። ጠዋት ፀሐይዋ ገደላገደሉን ታሞቃለች። ከህንድ ውቅያኖስና ከአረብ ባሕር በኩል የመጣው እርጥብ አየር ከአፋር ሜዳ ተነስቶ የአምባውን ግድግዳ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ቀትር ሲያልፍ ደመናው መቆለል ይጀምራል። አንዳንዱ ጫፉ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ውስጡ ሽቅብ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ፤ የውሃውን ጠብታ ይዞት ይወጣል። የሚገርመው እዚያ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወርዶም ውሃው ወዲያው አይረጋም፤ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። አንዲት የበረዶ ፍንካች ስትነካው ነው ቅጽበት ሳይቆይ የሚረጋባት። እንዲህ በላይ በላዩ እየደረበች ታድጋለች፤ ንፋሱ መሸከም ሲያቅተው ትወድቃለች። ለዚህ ነው የበረዶ ጠጠር ከሁለት ሲከፈል ውስጡ ድርብርብ ሆኖ የሚታየው። 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ በረዶ አየር ላይ እንዲቆይ ንፋሱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ መንፈስ አለበት።

ደጋው ለምን እንደሚጎዳ ደግሞ ከፍታውን ስናይ ግልጽ ይሆናል። በእኛ አገር ሰማይ ላይ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ግድም ላይ ነው። ከዚያ በታች ያለው አየር ስለሚሞቅ በረዶው እየወረደ ይቀልጣል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በረዶው እዚያ ለመድረስ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሙቅ አየር ማቋረጥ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃንም 2,800 ገደማ ነው። እዚያ በረዶው የሚቀልጥበት መንገድ ከ2 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ያው አንዱ ደመና ከታች ያለውን ያጠጣል፣ ከላይ ያለውን ይቀጠቅጣል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዋሻ ስትወጡ አየሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም።

የእኛ በረዶ በመጠን ዓለምን የሚያስደነግጥ አይደለም። በክብደት የተመዘገበው ትልቁ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1986 ኤፕሪል ወር ባንግላዴሽ ጎፓልጋንጅ የወረደው ነው፤ አንዱ ጠጠር 1 ኪሎ ከ20 ግራም መዝኗል፣ 92 ሰውም ሞቷል። እሱም የጸደይ ነጎድጓድ ነው የወለደው። በእኛ ዘንድ ባቄላ የሚያክል፣ ሲብስ ለውዝ ከነቅርፊቱ የሚያክል ነው የሚወርደው። ግን ገብስ ለመጣል እንቁላል ማከል አያስፈልገውም። ባቄላ የሚያክለው በውሽንፍር ተገፍቶ በአግድም ሲመጣ አገዳውን ከወገቡ ይቀነጥሰዋል።

ይሄን ያየሁት በዓይኔ ነው። አንድ ግንቦት ላይ በረዶው ካለፈ በማግስቱ ከአጎቴ ጋር ማሳው ዳር ቆመናል። እርከኑ ሥር የተጠራቀመው በረዶ ገና አልቀለጠም፤ ጭቃ ነክቶት ጠቁሯል። ገብሱ ቆሞ የቀረ አለ፣ ግን ዛላ የለውም፣ አገዳ ብቻ ነው። አጎቴ ጎንበስ ብለው ከጭቃው ውስጥ አንድ ዛላ አነሱ። በአውራ ጣታቸው ጨመቁት። ነጭ ወተት ወጣው። ገና ፍሬ አልያዘም፣ ሊይዝ ሁለት ሳምንት ግድም የቀረው ነው። አሸተቱት፤ ከዚያ መልሰው ጣሉትና «በል ልጄ፣ ይሄ እንግዲህ የከብት ነው። ሳይሸት እንጨደውና እንስጣቸው» አሉ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመሩም፤ ማጭድ ሊያመጡ ሄዱ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ማሳ ደግሞ ንፋስ እያወዛወዘው ለጥ ብሎ ቆሟል። ያ የጎረቤታቸው ነው። ሁለቱን ማሳ የሚለየው የከብት መንገድ ነው።

ይሄ የበረዶ ዋናው ጠባዩ ነው። ደመናው እየሄደ ነው የሚጥለው፤ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ መስመር ጠርጎ ያልፋል። ድርቅ ሁሉን እኩል ያስርባል፤ ሰው አብሮ ይለምናል፣ አብሮ ይሰደዳል፣ አብሮ ይረዳል። በረዶ ግን ከአንድ መንደር ውስጥ መርጦ ነው የሚያደኸይ። ጎረቤትህ በሐምሌ ሲወቃ አንተ ታያለህ።

ለዚህ ነው ሰዉ ምክንያት የሚፈልግለት። እኛ ጋ ትልልቆቹ «በዓል ተሽሮ ነው» ይላሉ። በሚካኤል ወይ በባለወልድ ቀን ያረመ፣ የቆፈረ፣ እንጨት የፈለጠ ሰው በረዶ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ብዙ ቦታ በዓል የሻረ ሰው በማኅበረሰቡ ይቀጣል። እምነቱን አልነቅፍም፤ ያደግሁበት ነው፣ ሰማዩ ሲጠቁር «እግዚኦ» ስትል እናቴን እያየሁ ነው ያደግሁት። የሚያሳዝነኝ ጣቱ የሚጠቆምበት ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ረዳት የሌላት ሴት ናት። ባል የላት፣ በሬ የላት፣ በዓል ባልሆነው ቀን የሰው ማሳ ስታርም ውላ በዓሉን ለራሷ የምትሠራ። በረዶው የእሷንም ጓሮ መትቶት እያለ የመንደሩ ዕዳ እሷ ላይ ይወድቃል። የደመናውን አሠራር ማወቅ የሚጠቅመው አንዱ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቄሶቻችን ይሄን ቢያስተምሩ ከማንም የበለጠ ይሰማሉ።

ወሎ ያሉ ወዳጆቼ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግሩኛል። እዚያ ክርስቲያኑ ምህላ ሲይዝ እስላሙ ወዳጃ ይቀመጣል፤ ጫት ተይዞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ይደረጋል። ዝናብ እንዲመጣም፣ ሲመጣም በልክ እንዲሆን። «በልክ» የምትለዋን ልብ በሉ። ደጋ ላይ ጸሎት ሁሉ በልክ ነው።

በረዶን ማስቆም ይቻላል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። አውሮፓ ውስጥ ገበሬዎች ሰማይ ላይ መድፍ ሲተኩሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ድምፁ በረዶውን ይሰብረዋል ብለው። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብሏል። ሌላው መንገድ ደመናው ውስጥ ሲልቨር አዮዳይድ የተባለ ቅመም መርጨት ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ኬሪቾ አካባቢ ያሉት የሻይ እርሻዎች ገና ድሮ በሮኬት ሞክረውታል። ውጤቱ ላይ ባለሙያዎች ዛሬም አልተስማሙም። የተረጋገጠው መፍትሔ መረብ ነው፤ ለአበባና ለፖም ይሆናል፣ ለገብስ ማሳ ግን አይታሰብም። ስለዚህ ለእኛ ገበሬ በረዶ ይወርዳል ብሎ መነሳቱ ነው የሚያዋጣው።

ከወረደ በኋላ ግን ብዙ የሚሠራ ነገር አለ። ዋናው ጥያቄ መቼ ወረደ የሚለው ነው። ገብስ ገና ቡቃያ እያለ፣ አገዳ ሳያወጣ፣ የሚያድግበት ጫፉ ከአፈር በታች ነው። ላዩ ቢቆራረጥም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። በዚያ ሰዓት ተስፋ ቆርጦ ማረስ ኪሳራ ነው። ባለሙያዎች ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቁ የሚሉት ለዚህ ነው፤ አዲስ ቅጠል ካወጣ ይተርፋል። አሽቶ ከነበረ ግን የተቆረጠ ዛላ አይመለስም። ያኔ ቶሎ አጭዶ ለከብት ማድረግ፣ ከዚያ መሬቱን ለክረምቱ ማዘጋጀት ነው። ድንች ከሆነ ደግሞ ግንዱ ቢሰባበርም ከታች ያለው እንደገና ያወጣል። ባቄላና አተር አበባ ላይ ካገኛቸው ይከፋል። አጎቴ ይሄን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እሳቸው የጎደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ዘር ነው። የበልጉ ገብስ ለመኸር ዘር ይሆናል ተብሎ የተጠበቀ ነበር። ሲመታ የሚበላውም የሚዘራውም አብሮ ነው የሄደው። ጎተራው ውስጥ የቀረው ደግሞ እስከ ሐምሌ ቤተሰቡ የሚበላው ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ መሬት አለ፣ ዝናብ አለ፣ በሬ አለ፣ ዘር የለም። ያኔ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ የራሱን ማሳ ለሌላ ሰጥቶ ግማሹን የሚጠብቅ ሰው ይሆናል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ።

አጎቴ ያን ዓመት ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደው ነበር። የትኛው ቢሮ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የአንድ ቢሮ ጉዳይም አይመስለኝም። የተሰጣቸው መልስ «ወረዳው በአጠቃላይ ዘንድሮ ጥሩ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ወረዳው ጥሩ ነበር። በአማካይ ሲታይ የእሳቸውና የጎጣቸው ጥፋት ከመጋረጃ ጀርባ ይቀራል። ቅጹ ላይ ድርቅ የሚል ሣጥን አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ተባይ አለ። በረዶ «ሌሎች» ከሚለው ሥር ነው። ሴፍቲኔቱም ቢሆን ሲመሠረት የታሰበው በየዓመቱ ለሚራብ ሰው ነው፤ ትናንት የነበረው፣ ዛሬ ያጣ ገበሬ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ወራት ይፈጅበታል።

ኢንሹራንሱም እንዲሁ ነው። በአገራችን ለትንንሽ ገበሬ ከመጡት የአየር ሁኔታ ኢንሹራንሶች የታወቀው በጎርጎርዮስ 2009 ትግራይ አዲ ሓ ላይ ሀሪታ በሚል ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ኋላ አር ፎር ተብሎ ሰፋ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ጠቅሟል። አሠራሩ ግን ሳተላይት የዝናቡን መጠን ይለካል፣ ከተወሰነው በታች ከሆነ ገበሬው ይከፈለዋል። ማሳ ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው አያስፈልግም፣ ለዚህም ነው ርካሽ የሆነው። ለድርቅ ይሠራል። በረዶ ሲመጣ ግን ያቺ ሳተላይት የምታየው ብዙ ዝናብ ነው። ገብሱ የወደመበት ቀን በመዝገቧ ላይ ጥሩ ቀን ሆኖ ይጻፋል። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። የክፋት ሥራ አይደለም፣ መለኪያው ለሌላ ጉዳት ስለተሠራ ነው። ግን አጎቴ በእንዲህ ዓይነት ኢንሹራንስ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ዓረቦኑን ከፍለው ያን ዓመት ሳንቲም አያገኙም ነበር።

ስለ መብረቅም ሳልናገር አላልፍም፤ በረዶው እህል ይወስዳል፣ መብረቁ ሰው ይወስዳል። ልጆች ሆነን ሰማዩ ሲያጉረመርም ቀይ ልብስ አውልቁ እንባል ነበር። ቀይ ልብስ መብረቅ አይስብም። የሚስበው ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመ ነገር ነው፤ ሜዳ መሐል ያለ ዛፍ፣ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው። እረኛው ገሳውን ደርቦ ከበጎቹ ጋር ዛፍ ሥር ነው የሚጠለለው፣ ምክንያቱም በረዶው ያማል። እኔም ገሳ ለብሼ በረዶ መትቶኝ ያውቃል፤ ሳሩ ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል፣ ያልተሸፈነ እጅ ላይ ሲያርፍ ያስለቅሳል። ስለዚህ ዛፍ ሥር መሮጡ አይፈረድበትም። ግን ብዙ ሰው የሚሞተው እዚያ ነው። ዛፉን ሲመታ ኃይሉ በሥሩ አድርጎ በመሬት ይሰራጫል። ከብቶች በብዛት የሚያልቁትም ለዚህ ነው፤ የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልባቸውን ያቋርጣል።

አንድ ነገር ለእረኞቹ ብታስተምሩልኝ፦ ብልጭታውን ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ። በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ካጉረመረመ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደርሷል ማለት ነው፤ በጎቹን ይዞ ከኮረብታው መውረድ ያኔ ነው እንጂ በረዶው ሲጀምር አይደለም። ካለፈ በኋላም ከመጨረሻው ነጎድጓድ ወዲህ ግማሽ ሰዓት መቆየት ይገባል። አብያተ ክርስቲያኖቻችን ኮረብታ ላይ፣ በጥድና በወይራ መሐል ናቸው፤ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ከጣሪያ እስከ መሬት የተዘረጋላቸው ግን ብዙ አይደሉም። በጎርጎርዮስ 2018 ማርች ላይ ሩዋንዳ ውስጥ ኒያሩጉሩ በሚባል አካባቢ አምልኮ ላይ የነበረ ቤተ ክርስቲያን በመብረቅ ተመትቶ ቢያንስ 14 ሰው ሞቷል። ለጉልላት የሚዋጣ ምዕመን ለዘንግም ይዋጣል፣ ከተነገረው።

ጎርፉን በአጭሩ ልበል። ደጋው ላይ የወረደው ዶፍ ቆላው ላይ ፀሐይ እየበራ ነው ደራሽ ሆኖ የሚደርሰው። የሮቢን ወንዝ፣ የጀውሃን ወንዝ ዳር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሸዋ ላይ ከብት ተኝቶ፣ ሴቶች ልብስ አጥበው፣ ዝናብ ጠብ ሳይል ውሃው ይመጣል። ወደ ላይ አሻግሮ የጣርማ በርን ሰማይ ማየት ነው። መኪና የያዛችሁ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ውሃ አብዛኛውን መኪና እንደሚያንሳፍፍ አትርሱ።

ከላይ ደግሞ አፈሩ ነው የሚሄደው። በልግ ላይ መሬቱ ገና ታርሶ ባዶ ነው፣ የሚሸፍነው ነገር የለም። ከደብረ ሲና በላይ አንዲት ጥድ የምትባል ቦታ አለች፤ ከ1980ዎቹ የጎርጎርዮስ ዓመታት መጀመሪያ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር የሚለካባት ጣቢያ ናት፤ ደቡብ ወሎ ማይባርም እህቷ አለች። እዚያ ለዓመታት የተለካው ገበሬው በዓይኑ የሚያየውን ነው የሚያረጋግጥ፤ የዓመቱ ዝናብ ሁሉ እኩል አይሸረሽርም፣ ጥቂት ኃይለኛ ዶፎች ናቸው አብዛኛውን አፈር ይዘው የሚሄዱት። እርከኑ ጠንካራ ከሆነ፣ ፈሰሱ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ከተቀደደ፣ ቢያንስ መሬቱ ይተርፋል።

ትንበያን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አለኝ። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአስር ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ ነገር ግን በረዶ የትኛው ጎጥ ላይ እንደሚወርድ ከሳምንት በፊት የሚያውቅ የትም አገር የለም። የሚቻለው ደመናው ከተቆለለ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማስጠንቀቅ ነው። በጎርጎርዮስ 2022 ዲሴምበር ወር የመጠቀው የአውሮፓ ሜቴዎሳት ሳተላይት አፍሪካን ጨምሮ መብረቅን ሌት ተቀን ይከታተላል። ያ መረጃ በአጭር መልእክት «ከብት አስገቡ፣ ከዛፍ ሥር ራቁ» ተብሎ ወደ እረኛው ስልክ ቢደርስ ገብሱን አያድንም፣ ሰውና ከብት ግን ያድናል። ስልክ የያዘ እረኛ ዛሬ ጥቂት አይደለም።

እስከዚያው ራሳችን የምንጀምረው ነገር አለ፤ ይሄን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ከበልግ አብቃይ አካባቢ የወጣችሁ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ሪያድ ወይ ዋሽንግተን፣ በረዶ መታ ብለው ሲደውሉላችሁ ገንዘብ እንደምትልኩ አውቃለሁ። ስትልኩ ለዘር በሉና ቶሎ ላኩ፣ ሰኔ ሳያልቅ። ለሩብ ሄክታር ከ30 እስከ 40 ኪሎ ገብስ ይበቃል። በመስከረም የሚላከው ገንዘብ እህል ይገዛል፤ በግንቦት መጨረሻ የሚላከው ግን ማሳውን ከእኩል ያድነዋል።

ሁለተኛው፣ አስመዝግቡ። በየጎጡ ስልክ ያለው ልጅ አለ። በረዶ በወረደ ዕለት ማሳውን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ያንሳ፤ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ጠጠሩ ከምን እንደሚተካከል፣ እህሉ ምን ደረጃ ላይ እንደነበር፣ የስንት አባወራ ማሳ እንደተመታ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይሰጥ፣ አንዱ በእድሩ መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ። ባለሙያው ፊርማውን ያኑርበት። ይሄ በሦስት በአራት ወረዳ ለጥቂት ዓመታት ከተያዘ «ወረዳው በአጠቃላይ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ይኖራል፤ ኢንሹራንስ የሚሠራ ድርጅትም ዓረቦን ለማስላት መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መንዝ ውስጥ የእኛ ጎጥ ልጆች ከመጪው በልግ ጀምሮ እንደሚይዙት ተነጋግረናል። የእናንተም አገር ከያዘ ጻፉልኝ፣ ቅጹን አንድ ዓይነት እናድርገው።